የጋሽ ኒቆዲሞስ ግራ እጅና ሦስቱ ማይኮች

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ ቀጂው ዘርዓብሩክ ለሃያ ሰባተኛ ጊዜ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እንደገና» አለ።

ጋሽ ኒቆዲሞስ መምቻዎቹን ጭናቸው ላይ አጋደሟቸው። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ካኔተራቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ለንፋሱ ብለው ታምቡሩን ከቬንትሌተሩ ሥር አስጠግተው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው ተቀምጠዋል።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«ማን?»

«ድምፁ።»

«ማይኩ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው። «ቀይረው።»

ማይክ ሲቀየር ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ያሉት ሦስት ማይኮች ናቸው። ሦስቱም ከላይ ተሞክረዋል፣ ከጎን ተሞክረዋል፣ ከሥር ተሞክረዋል። አንዱ ካልሲ ለብሶ ተሞክሯል። የሁሉም ምስክርነት አንድ ነው። ጋሽ ኒቆዲሞስ ሁለቱን መምቻ አከታትለው እንደ ዶፍ ማውረድ ሲጀምሩ፣ ሙዚቀኞች ሮል የሚሉት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ድምፁ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይርገበገባል።

ዘርዓብሩክ ምክንያቱን የሚያውቅ ይመስለዋል። ከአፉ ግን አላወጣውም። ታምቡር መቺን «እጅዎ ተንቀጠቀጠ» ማለት ሹፌርን «ዓይንህ ጠፋ» እንደማለት ነው፤ ከተባለ በኋላ የሚጠገን ነገር አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው። ድሮ የባቡሩ ሠራተኞች የራሳቸው ባንድ ነበራቸው። ከዚያ ባንድ ዛሬ በሕይወት ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ሣህሉ፣ አንዱ ታምቡረኛው ጋሽ ኒቆዲሞስ፤ የቀሩት ሁለቱ ሳክስፎንና ባስ ይነፋሉ። በየበዓሉ ጣቢያው በር ላይ የሚመቱት አንድ ማርሽ ነበራቸው። ኖታው አልተጻፈም፣ ካሴትም የለውም። ያለው አራቱ ሽማግሌዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ጋሽ ሣህሉ «ሳንሞት ይቀዳ» ብለው ሳቢያን፣ ዘርዓብሩክ ቤት ድረስ መጡ። በግንቦት የቀድሞ ሠራተኞች ዓመታዊ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ይሰማል ተባለ።

ሦስቱ በጥምቀት ሰሞን፣ ድሬ ለሰው በምትመችበት ወር፣ በአንድ ጠዋት ተቀድተው ጨረሱ። ደንቡ ታምቡሩ ቀድሞ ተቀድቶ ሌሎቹ እሱን ተከትለው እንዲሄዱ ነበር። ጋሽ ኒቆዲሞስ ግን በወባ ተኝተዋል። ከወባው ሲነሱ የልጃቸው ሠርግ ደረሰ። ከሠርጉ በኋላ «ያለ እኔ ጀመራችሁ» ብለው አኮረፉ። ኩርፊያው ሲያልቅ ግንቦት ገብቷል።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሣህሉ ደውለው ቁርጡን ተናገሩ።

«እስከ ሐሙስ ማታ ታምቡሩ ካላለቀ በዚያ ኮምፒውተርህ ምታውና ዝጋው። ማን ያውቅብናል?»

«ጋሽ ኒቆዲሞስ ያውቃሉ።»

«እሱ ያኮርፋል። ማኩረፍ ለምዷል።»

«ጋሼ፣ የቀረው እኮ የእሳቸው ብቻ ነው።»

«እጁ አልቋል ልጄ። ባለፈው ልቅሶ ቤት ሻይ ሲያነሳ አይቼዋለሁ። አንተ ንገረው፤ እኔ ብነግረው ይጣላኛል።»

ዘርዓብሩክ «እሺ» አለ። ቀኑንና የኮምፒውተሩን ነገር እንጂ የእጃቸውን አልነገራቸውም። ይልቅ ማይክ መቀያየር ጀመረ።

ዘርዓብሩክ የማኪኒስት ልጅ ነው፤ አርባ አራት ዓመቱ። አባቱ ሠላሳ ዓመት ሎኮሞቲቭ ሲነዱ ጆሯቸው ደነቆረ። ከዚራ በነበረው ቤታቸው ሰላምታውም ምርቃቱም ጠቡም በጩኸት ነበር። ከዚያ ቤት ጆሮ ያለው ሰው መውጣቱ ዘመዱን ሁሉ ይገርመዋል። የውሃ ሞተር ሲታመም ጎረቤት የሚጠራው እሱን ነው። መጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ አንድ ደቂቃ አዳምጦ «ኩሽኔታው ነው» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ኩሽኔታው ነው። በዚህ ይኮራል። ሌላ የሚኮራበት ብዙ ነገር የለውም።

እንጀራው የሠርግ ነው። ሁለት ትልልቅ ስፒከር በባጃጅ አስጭኖ፣ እስከ ዋሂል ድረስ ሄዶ ያጮሃል። በትርፍ ጊዜው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ ይቀዳል። ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት መንዙማ፣ በማግስቱ የሶማሊኛ የፍቅር ዘፈን ይቀዳባታል። ዘማሪውም ዘፋኙም ጥግ ላይ በተንጠለጠለ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይዘምራል፤ ይዘፍናል። ከበሮው ከኮምፒውተር ይመጣል። እውነተኛ ታምቡር እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

የሚቀዳው ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ሰዓት ድሬ ሱቋን ትዘጋለች። የሚቅመው ይቅማል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል። ጸጥታ የሚገኘው ያኔ ነው። ሙቀቱም የሚከፋው ያኔ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ የሚሰጥ የለም።

ከሦስቱ ማይኮች አንዱ የራሱ ነው፤ ስሙ ጎባጣው። ዋሂል ላይ የሙሽራው አጎት ምርቃት አጋግለው ከመድረክ ይዘውት ስለወደቁ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። አሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። የቀረበውን ይሰማል፣ የራቀውን አይሰማም፣ ብዙም አይጠይቅም። ሁለተኛው እንደ ልብስ መቆንጠጫ የታምቡሩን ከንፈር ነክሶ የሚይዝ ትንሽ ማይክ ነው፤ ቆንጣጩ ይሉታል። መምቻው በቀረበው ቁጥር ቋ ይላል፤ ታምቡሩን ትቶ ራሱን ይቀዳል።

ሦስተኛው የገዲ ነው። ገዲ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ የዘርዓብሩክ የልጅነት ጓደኛ። ማይኩ ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዕር የሚመስል ነው። ገዲ «ሞክረው፣ ከወደድከው ያንተ» ብሎ ሰኞ አመጣው። ካልወደደው ሐሙስ ማታ ጅግጅጋ ይዞት ይሄዳል፤ የሚጠብቀው ሰው አለ።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ገዲ ራሱ መጣ። ጫቱን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል። ጫማውን በር ላይ አወለቀና ፍራሹ ላይ ጋደም አለ።

«ሃየ፣ የት ደረሳችሁ?»

«የትም» አለ ዘርዓብሩክ።

«ያንተ ማይክ ውሸታም ነው» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ።

ገዲ ቀና አለ። «አዴር፣ እኔን ስደበኝ፣ ማይኩን አትስደብ። ወላሂ ይሄ ማይክ ጉንዳን ስትስቅ ይሰማል።»

«ጉንዳን ስትስቅ ይስማ። ታምቡር ግን አያውቅም። ከላይ ሆኖ ያንቀጠቅጠኛል።»

ድሬ ውስጥ «አንቱ» ብዙ አይበረክትም፤ ገዲ በሶማሊኛ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ይበል እንጂ ለማንም «አንተ» ነው፣ ሽማግሌውም ቅር አይላቸውም። ቅር ያላቸው ማይኩ ነው። ስለዚህ ፈተና አዘዙ።

«በስም አልዳኝም። ሦስቱንም አሰማኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ሳትነግረኝ። ጀርባዬን አዞራለሁ።»

ጀርባቸውን አዞሩ። ገዲም ለፍትሕ ሲል ዞረ። ዘርዓብሩክ አንዱን ሮል በሦስቱ ማይክ በየተራ የተቀዳውን አከታትሎ አሰማቸው። አንደኛው ተርገበገበ። ሁለተኛው ቋ እያለ ተርገበገበ። ሦስተኛው ውስጥ መርገብገቡ ነበር፣ ግን ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ወሬ የታፈነ ነበር።

«ሦስተኛው!» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ። «ይሄ ጨዋ ነው። የማነው?»

«ጎባጣው ነው።»

«አየህ!»

ገዲ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አዴር፣ እሱ እኮ ደንቆሮ ስለሆነ ነው! ያልሰማውን ምን ብሎ ይናገር?»

«ጨዋ ማለት እንደዚያ ነው።»

ዘርዓብሩክ ሁለቱንም ተራ በተራ አየ። ራሱን አመመው። ገዲ ልክ ነው። ማይኩ በተሻለ ቁጥር መርገብገቡ ይበልጥ ይሰማል። ያ ማለት መርገብገቡ ከማይኩ አይደለም ማለት ነው። ከማይኩ ካልሆነ ከታምቡሩ ነው። ከሥሩ ያለውን የሽቦ ዘለላ ፈትቶ አጥብቋል፣ የላዩን ሽፋን ቀይሯል። ከታምቡሩ ካልሆነ የቀረው ከመቺው ነው።

«ነገ እንሞክራለን» አለ።

«ነገ ሐሙስ ነው» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ። ተነስተው መምቻቸውን በጋዜጣ ጠቀለሉ። ሲጠቀልሉ ግራ እጃቸውን ከቀኝ እጃቸው ሥር አድርገው ነበር። ዘርዓብሩክ ሰኞም ማክሰኞም እንደዚያ ሲያደርጉ አይቷል።

ሚስቱ የኔነሽ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። አሥር ሰዓት ላይ ከጠዋት ፈረቃ ስትመለስ ዘርዓብሩክን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቧንቧ ሥር አደረገች።

«ዛሬም?»

«ዛሬም። እጃቸው ነው የኔነሽ። ነግሬያቸው ልገላገል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሌላ ምን ቀረ? ማይኩ ተቀየረ፣ ሽቦው ተቀየረ፣ ሽፋኑ ተቀየረ...»

«የቀየርከውን አልጠየቅኩህም። ያልቀየርከውስ?»

«ምን ማለት ነው?»

«እኛ ጋ መኪናው ስፌት ሲዘል ጀማሪዎቹ ክር ይቀይራሉ፣ መርፌ ይቀይራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀይሩ ይውላሉ። መካኒካችን አንድ ነገር ነው የሚለው። መኪናውን ከቦታው አንሥተህ ሌላ ቦታ ስፋበት። እዚያም ከዘለለ መኪናው ነው። ካልዘለለ ቦታው ነው።» ቧንቧውን ዘጋች። «እኒያን ሰውዬ ከዚያ ምድጃ ውስጥ አውጥተህ ሞክረሃል?»

«ውጭ? ባጃጅ እያለፈ?»

«ባጃጁ ቢያልፍስ፣ የምትቀዳውን ልትሸጠው ነው እንዴ? አዳምጠህ ትጥለዋለህ።»

ዘርዓብሩክ ተናደደ። አሥራ አንድ ዓመት ማይክ የያዘ ሰው በስፌት መካኒክ ሲመከር ደስ አይለውም።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ታምቡሩን ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጠ። ጋሽ ኒቆዲሞስ ወንበሩን በጥርጣሬ አዩት።

«አሁን ደግሞ ለወፍ ልመታ ነው?»

«አንዴ ብቻ ጋሼ።»

«የማኪኒስቱ ልጅ፣ አባትህ ባቡሩ ሲበላሽ ተሳፋሪውን አውርዶ አስገፍቶ አያውቅም።»

ግን ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው በባቡሩ ፈረንሳይኛ «አን፣ ደ፣ ትሯ» ብለው ቆጠሩና ወረዱበት። ዶሮ ጮኸ። ባጃጅ አለፈ። የጎረቤት ሴት «ሠርግ አለ እንዴ?» ብላ በአጥር ጠየቀች። ዘርዓብሩክ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ተጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዶሮውና ከባጃጁ ሥር ሮሉን ፈለገው። አገኘው። ቀጥ ያለ ነበር። እንደ ተወጠረ ገመድ።

እንደገና አስመታቸው። ቀጥ ያለ ነው።

ታምቡሩን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ይዘው ተከተሉት። እዚያው የድሮ ቦታቸው፣ ንፋሱ ሥር፣ ተቀመጡ። መቱ። ተርገበገበ።

«ቦታው ነው» አለ ዘርዓብሩክ ለራሱ።

ከዚያ ያበደ መሰለ። ፍራሹን ከግድግዳው አወረደ። የእንቁላል ካርቶኑን ገነጠለ። ብርድ ልብሱን ጎትቶ ጣለ። ጋሽ ኒቆዲሞስ በየመሃሉ መቱ፤ በየመሃሉ ተርገበገበ። ገዲ ማይኩን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ዋሪያ፣ ቤት ልትለቅ ነው?»

«ዝም በል።»

ቆንጣጩ በግርግሩ መሃል ወድቆ ጥርሱ ተሰበረ። ማንም አላዘነለትም። ዘርዓብሩክ የሚያወርደው ነገር ሲያልቅ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘረጋ። ድሬ ውስጥ በግንቦት፣ በስምንት ሰዓት፣ የመረረው ሰው የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ቢኖር ወለሉ ብቻ ነው። እጁን ግንባሩ ላይ ጣለ። ሽማግሌው ባዘኔታ ይሁን በንዴት ባልለየ ሁኔታ ሮሉን እንደገና ጀመሩ።

ዘርዓብሩክ ዓይኑን ገለጠ።

ከበላዩ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል። ሦስቱ ክንፎች አንድ በአንድ ከታምቡሩ በላይ ያልፋሉ። ክንፍ ያልፋል፣ ድምፁ ይቆረጣል፤ ክንፍ ያልፋል፣ ድምፁ ይቆረጣል።

ተንከባልሎ ተነሳ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቬንትሌተር መዘውር ከአምስት ወደ ሁለት አዞረው።

«ይምቱ!»

መቱ። በሄድፎኑ ውስጥ መርገብገቡ እንደ ሰነፍ በቅሎ አዘገመ። ወደ አምስት መለሰው፤ ፈጠነ። አጠፋው። ክንፎቹ እስኪቆሙ ጠበቀ።

«ይምቱ!»

ቀጥ ያለ። እንደ ተወጠረ ገመድ።

ዘርዓብሩክ ሄድፎኑን አውልቆ ግድግዳውን ተደገፈ። የጎረቤት ሞተር ኩሽኔታ ከሁለት ግቢ ማዶ የሚሰማ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከአናቱ በላይ የሚዞረውን አልሰማም። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ቬንትሌተር አይሰማም። ሌሊት ሲዞር ተኝቶ ያድራል፤ የሚነቃው ሲቆም ነው። ሦስቱ የድሬ ሰዎች ሦስት ቀን እዚያ ሥር ተቀምጠው ማይክ ሰደቡ፣ ሽቦ ሰደቡ፣ ካልሲ አለበሱ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ሌሎቹ ሦስቱ በጥር ያለ እንከን የተቀዱት በጥር ቬንትሌተር ስለማይከፈት ነው። ይኼን ለማሰብ አራት ወር ነበረው።

ገዲ እያጨበጨበ ሳቀ። «አቦ! ማይኬ ነገራችሁ እኮ! ሰኞ ነው የነገራችሁ!»

ጋሽ ኒቆዲሞስ አልሳቁም። መምቻዎቹን ታምቡሩ ላይ አስቀመጡ።

«ሦስት ቀን» አሉ።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ውሃ የሞላ ብርጭቆ በግራ እጄ ይዤ መስኮት ጋ ቆሜያለሁ። ይፈሳል አይፈስም እያልኩ። አንተ አልተናገርክም፤ ግን ዓይንህ ሲናገር ነበር።»

ዘርዓብሩክ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ፈሰሰ?» አለ ገዲ፤ እሱ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አያፍርም።

«ትንሽ» አሉ ሽማግሌው። «በል፣ ቬንትሌተሩን እንዳትከፍተው። ቅዳ።»

በር ተዘጋ። ዘርዓብሩክ የቀሩትን ሁለት ማይኮች ጎን ለጎን አቆመ፤ ጎባጣውን ከታምቡሩ ከንፈር አጠገብ፣ የገዲን ብዕር ከላይ። መሣሪያው ከሁለት በላይ አይቀበልም፣ ሁለቱም ያንኑ ምት አብረው እንዲሰሙ አደረገ። ክፍሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዳቦ መጋገሪያ ሆነ። የገዲ ሸሚዝ ወጣ። ከጋሽ ኒቆዲሞስ አገጭ ላብ ታምቡሩ ላይ ጠብ አለ፤ ጠብታዋ ራሷ በብዕሩ ተቀዳች፣ እንደገና ተጀመረ። ሽማግሌው የጋሽ ሣህሉን ጡሩምባ በሄድፎን እያዳመጡ፣ ማርሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ መቱት። ሲጨርሱ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

ሦስቱም ቁጭ ብለው ሰሙት።

መጀመሪያ ብዕሩ የቀዳውን። ሮሉ ገብቶ ወጣ፣ ምንም አልተንቀጠቀጠም። ጡሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ከመግባቱ በፊት ግን፣ ሮሉ ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ምት ጎደለች። እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታዋ ባዶ ነበር።

ዘርዓብሩክ የጎባጣውን ከፈተ። ያችው ቦታ መጣች። አለፈች። ጎባጣው እንደ ልማዱ አልሰማም።

«መልሰው» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ። «የገዲን።»

መለሰው። ምቷ ጎደለች።

«እሷ የኔ ናት» አሉ። «ቬንትሌተር አይደለችም። ግራ እጄ ነች።»

«እስቲ እንደገና እንሞክር ጋሼ፣ ደክሞዎት ነው።»

ሁለቴ ሞከሩ። በመጀመሪያው ሌላ ቦታ ላይ ጎደለች። በሁለተኛው እዚያው የቀድሞዋ ቦታ ተመልሳ ጎደለች፤ የተቀጠረች ይመስል። የሽማግሌው ፊት ቲማቲም ሆነ። ገዲ ተነስቶ ውሃ አመጣላቸው። በቀኝ እጃቸው ተቀበሉ።

«በኮምፒውተሩ ከሌላ ቦታ አንዲት ምት ቆርጬ እለጥፍበታለሁ» አለ ዘርዓብሩክ። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ማንም አይለየውም።»

«ኮምፒውተር እንዳይመታልኝ ብዬ አይደል ሦስት ቀን የተጠበስኩት?»

«እሺ፣ የጎባጣውን እንውሰድ። እሱ ላይ አትሰማም።»

ጋሽ ኒቆዲሞስ ሁለቱን ማይኮች አዩ። አንዱ ጭንቅላቱ የገባ፣ አንዱ ቀጭን።

«እውነቱን ንገረኝ፤ እንደ ሙያህ። የቱ ነው የሰማውን የሚናገረው?»

«ብዕሩ።»

«ጎባጣውስ?»

«ጎባጣው ያስታምምዎታል።»

ሽማግሌው መምቻቸውን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ግራ እጃቸውን አልደበቁም።

«የገዲን አድርገው። ሦስት ቀን ውሸታም ብዬ ሰድቤዋለሁ፤ ውሸታም አልነበረም። ሣህሉ ምን ይላል ብለህ እንዳታስብ። እሱም ሦስተኛው ቤት ላይ ጡሩምባው ሾልኮበታል፤ ሰምቼዋለሁ፣ ዝም ብዬለታለሁ።»

ገዲ ጅግጅጋ የሚጠብቀውን ሰውዬ ደውሎ ማይኩ እንደተያዘ ነገረው። ዘርዓብሩክን አልጠየቀውም።

ቅዳሜ የስብሰባው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የቀድሞ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው፣ ከነልጅ ልጆቻቸው መጥተዋል። ዘርዓብሩክ ስፒከሮቹን ጠዋት አስቀምጦ፣ ሌላ ገመድ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ፣ አዘጋጆቹ ለወንበር ቦታ ሲሉ ወደ መሃል ገፍተዋቸዋል። ዘርዓብሩክ ቀና አለ። ስምንት ቬንትሌተር። ሁሉም አምስት ላይ። ስፒከሮቹ ከሁለቱ ሥር ናቸው።

ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ቤቱ ውስጥ ቬንትሌተሩ ሲዞር ይሰማዋል። አርባ አራት ዓመት ያልሰማው ነገር አሁን ከጆሮው አልወጣ ብሎታል።

ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ ጊዜ አልነበረም፤ ጋሽ ሣህሉ ንግግራቸውን ጨርሰው እጃቸውን አነሱ። ማርሹ ተለቀቀ። ጡሩምባው ተርገበገበ፣ ሳክስፎኑ ተርገበገበ፣ ታምቡሩ ተርገበገበ። የሦስት ቀን ላብ፣ የገዲ ማይክ፣ የተገነጠለው ካርቶን፣ ሁሉም ቬንትሌተሩ ሥር ገብቶ ተከተፈ። ከዘርዓብሩክ በቀር ያስተዋለው የለም። ሰዉ ያጨበጭባል። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ቆሞ እግሩን ያነሳል፣ ይጥላል።

ጋሽ ሣህሉ ወደ ዘርዓብሩክ ጎንበስ አሉ። ጋሽ ኒቆዲሞስ ከጎናቸው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ሣህሉ የሚያንሾካሹኩት ግን የጡሩምባ ነፊ ሹክሹክታ ነው።

«ጎበዝ! ኮምፒውተሩ አሳምሮ መታው።»

ጋሽ ኒቆዲሞስ ዘወር አሉ። «ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ኮምፒውተር አልክ። እኔ ነኝ የመታሁት!»

«እሺ አንተ ነህ፣ ምን ያስጮህሃል?»

«ጠብቅ። ኮምፒውተር የማይሠራት አንዲት ስህተት አለች። አሁን ትመጣለች። ጠብቅ...» ጣታቸውን አነሱ። ሮሉ ገባ፣ ወረደ፣ ወረደ። «ይቺት! ሰማህ?»

«ምኑን?»

«የጎደለችውን ምት! የኔን!»

«ምንም አልጎደለም። እንዲያውም ጥርት ያለ ነው።»

«ዘርዓብሩክ!»

«አቤት ጋሼ።»

«ይህን ቬንትሌተር አጥፋና ማርሹን እንደገና ክፈተው!»

ዘርዓብሩክ አዳራሹን አየ። በግምት ሦስት መቶ ሰው አለ። ውጭው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሴት ገና ከወንበሩ ሲነሳ ነጠላቸውን እያራገቡ «ምን ልታደርግ ነው?» አሉት።

በሰዉ መሃል እየተጋፋ ግድግዳው ላይ ወዳሉት ስምንት መዘውሮች ሄደና ከመጀመሪያው ጀመረ።